የድሪቶው እምብርት

አክስቴ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ፣ ጉሙ የአንኮበርን ገደል ለቆ ፀሐይ ደፈር ብላ በምትወጣበት የመጀመሪያ ቀን፣ ሣጥኑን ትከፍተዋለች። ክረምቱን ሙሉ ጉም በበር ገብቶ በመስኮት በሚወጣበት ቤት ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ልብስ ይረጥባል፤ ይሸታል፤ እጥፋቱ ላይ ነጭ ሻጋታ ያበቅላል። ስለዚህ ያለውን ሁሉ አውጥታ አጥሩ ላይ ታሰጣለች። የአያቴን በርኖስ፣ የአጎቶቼን የትምህርት ቤት ካኪ፣ የማን እንደነበሩ የተረሱ ነጠላዎችን። በመጨረሻ በሁለት እጇ እንደ ሕፃን ታቅፋ የምታወጣው አንድ ቀሚስ አለ። እሱን አጥር ላይ አታደርገውም፤ እሾህ ይይዘዋል ብላ ትሰጋለች። ለእሱ ብቻ ከበሩ መቃን እስከ ኮሶው ዛፍ ድረስ ገመድ ትወጥራለች። ፊቱን ወደ ፀሐይ አድርጋ ትሰቅለውና ራቅ ብላ ቆማ ታየዋለች።

"ይቺ የእናትሽ ናት" ትለኛለች። "እያት እስቲ፤ እንደ ነሐሴ ገብስ!"

እኔም አያለሁ። የማየው ግን አመድ የመሰለ ቀሚስ ነው።

እናቴ የሞተችው ጡት ሳልጥል ነው። ፎቶ የላትም። ድምፅዋን የሚያስታውሱ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን አላስታውስም። ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ ከእናቴ ወደ እኔ የደረሰ ነገር ቢኖር ያ ቀሚስ ብቻ ነው። ወይም እንደዚያ ተብያለሁ። በእኛ ዘንድ የሟች ልብስ አይቀመጥም። አርባዋ ሲወጣ ለነዳያን ይሰጣል። አክስቴ "አንዷን ብቻ ደብቄ አስቀረሁ" ትላለች። ግን ያ ሣጥን የቤተሰቡ ሁሉ ሣጥን ነበር፤ በዚያ የለቅሶ ሰሞን የማን ልብስ የት እንደገባ ማን ልብ ይላል? አረንጓዴዋን ሰጥታ፣ ግራጫዋን አስቀርታ ቢሆንስ? ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ ብቻ ደፍሬ ተናገርኩ።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ አረንጓዴ አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ግራጫ ነገር።"

"ወግጂ! ፊደል ቆጥረሽ ቆጥረሽ ዓይንሽን አጠፋሽው።"

ከዚያ ወዲህ አላነሳሁትም። ሳድግ ደግሞ ለዝምታዬ ሌላ ምክንያት ጨመርኩለት። አጥብቄ ብጠይቅ ቀሚሱ የሌላ ሰው ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ያን ጊዜ ከእናቴ ምንም የለኝም ማለት ነው። ባላውቀው የእሷ የመሆን ዕድል ነበረው።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ደብረ ብርሃን ሥራ አገኘሁ። ላቦራቶሪ ውስጥ ናሙና እመረምራለሁ። ከማላውቀው ሰው ጋር ከማውራት ከብልቃጥ ጋር መዋል ይቀለኛል፤ ስለዚህ ሥራዬን እወደዋለሁ። የተከራየሁት ክፍል የአንዲት ጡረተኛ ግቢ ውስጥ ነው። አከራዬ የቄስ ልጅ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ብርድ ልብስ ሲሠሩ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። እኔ ከክፍሌ ወጥቼ እገባለሁ እንጂ፣ ለወራት ከእሳቸው ጋር "እንደምን አደሩ" ብቻ ነበር የምንባባለው።

አንድ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስወጣ ግቢው ውስጥ ሌላ ግቢ የተዘረጋ መሰለኝ። አከራዬና ሁለት ሴቶች አንድ ትልቅ ነገር በየጥጉ ይዘው ሳሩ ላይ ሊያነጥፉት ይታገላሉ። በመቶ ቁራጭ የተሠራ ነው ብል አላጋነንኩም። አበባ ያለበት፣ መስመር ያለበት፣ የዩኒፎርም ሰማያዊ፣ የመጋረጃ ቡኒ፣ የሆነ ሰው የሠርግ ቀሚስ ሳቲን። ከአንኮበር ጫፍ ቁልቁል ወደ አሊዩ አምባ ሲያዩ የሚታየው የእርሻ ማሳ፣ ያ ልጅ ሆኜ የማየው ነገር፣ ደብረ ብርሃን ድረስ መጥቶ እግሬ ሥር የተኛ መሰለኝ።

"ምን ትገተሪያለሽ?" አሉ አከራዬ። "ነይ ያንን ጥግ ያዢልን!"

ያዝኩ። በዚያው ቅጽበት ነፋስ ከሥሩ ገባና ተነፋ፤ አራታችንንም ወደ ላይ ሊያነሳን የሞከረ ይመስል ነበር። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። አፌን ከፍቼ ቆሜ ነበር።

"ምንድን ነው?" አልኩ ነፋሱ ሲያርፍ።

"ድሪቶ ነዋ!" አለች አንደኛዋ፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረችው፣ ፊቷ ሁልጊዜ ለሳቅ የተዘጋጀ ሴት። "የዩኒቨርሲቲ ልጅ ድሪቶ አታውቅም? ተመስገን በይ፣ ያላየሽው ስላላጣሽ ነው!"

ድሪቶስ አውቃለሁ። እኛ ትምህርት ቤት ድሪቶ ስድብ ነበር። ልብሱ የተጣፈ ልጅ ካለ "ድሪቶ" ተብሎ ይጠራና እስኪያለቅስ ይሳቅበታል። ቃሉን እንዲህ አፏን ሞልታ፣ ደረቷን ነፍታ የምትጠራ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

ይህቺ ሴት የአሊዩ አምባ ልጅ ናት። ደብረ ብርሃን ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላት። ሌላዋ ከደቡብ የመጣች፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ፋብሪካ የምትሠራ፣ ከእኔ በዕድሜ የማታንስ የማትበልጥ ልጅ ነበረች። ከአከራዬ ጋር ሦስት ናቸው። ራሳቸውን "የድሪቶ ማኅበር" ብለው ይጠራሉ። በየሳምንቱ ረቡዕ ከሥራ መልስ በአከራዬ ጠባብ ክፍል ይሰበሰባሉ። ክፍሉ ጠባብ በመሆኑ የሚሠሩትን ነገር ሙሉውን አያዩትም። አንዱን ጎን ሲሰፉ ሌላው ተጠቅልሎ አልጋ ላይ ይቀመጣል። ሲያልቅ ብቻ ግቢ ወጥተው ይዘረጉታል፤ ምን ሲሠሩ እንደከረሙም የሚያውቁት ያን ጊዜ ነው።

"ሳናየው እንዴት እንዲህ ገጠመ?" ብዬ ጠየቅሁ፣ ከራሴ ጋር የማወራ ያህል በዝቅታ።

"እኛም እሱን ነው የምንለው" አሉ አከራዬ።

በሚቀጥለው ረቡዕ በሬን አንኳኩ። "ሻይ አፍልቻለሁ" አሉኝና መልስ ሳይጠብቁ ሄዱ። እንዲህ ነው የገባሁት።

ሕጋቸው አንድ ነው። ከገበያ የመጣ ጨርቅ እዚያ ቤት አይገባም፤ የሚሰፋው ከተቀመጠ ብቻ ነው። የአከራዬ አልጋ ሥር በቁርጥራጭ የተሞሉ ጆንያዎች አሉ። ለአንድ ቀን ይሆናል እየተባለ የተቀመጠ፣ ያ ቀን ሳይመጣ ሌላ የተጨመረበት። የጨርቅ ነጋዴዋ ሕጉን ለማክበር የምታደርገው ጥረት ሁልጊዜ ያስቀን ነበር።

"ይሄኛው ከሱቅ አይደለም?" ይሏታል አከራዬ፣ ጨርቁን በሁለት ጣት አንስተው።

"ወላሂ ከሱቅ አይደለም! ከሱቅ አውጥቼ ቤቴ ካስቀመጥኩት ዓመት አልፎታል። ባሌን ጠይቂው።"

"ባልሽ ያውቃል?"

"እሱ ካወቀማ ምኑን ተቀመጠ!"

ሥራው እንዲህ ነው። እያንዳንዷ ቁራጮቿን ቤቷ ሰፍታ ትመጣለች። ከዚያ ይያያዛሉ። ከሥር ያለቀለት አሮጌ ብርድ ልብስ ይገባል፤ ከሱ ሥር አቡጄዲ ገበር ይሆናል። ከዚያ ሁላችንም ዙሪያውን ተቀምጠን፣ ጉልበታችንን ከሥሩ ከተን፣ ሦስቱን ጨርቅ አንድ ላይ በክር እንወሰውሳለን። የደብረ ብርሃን ብርድ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ይረዳኛል፤ ድሪቶ ገና ሳያልቅ ያሞቃል። በዚያ ሙቀት ውስጥ፣ መርፌዬን ብቻ እያየሁ፣ ሌሎቹ ሲያወሩ መስማት እንዴት ደስ እንደሚል ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ማንም "አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?" አይልም። እጅ ከሠራ አፍ ዝም ማለቱ እዚያ ነውር አልነበረም። አንድ ረቡዕ የፋብሪካዋ ልጅ ቀሚሷን ከድሪቶው ጋር አብራ ሰፍታው ኖሮ፣ ልትሄድ ብድግ ስትል ድሪቶውም አብሮ ተነሳ።

"እዩዋት፣ ማኅበሩን ዘርፋ ልትሄድ!" አለች ነጋዴዋ።

"ቀን ሙሉ ሰፍቼ ደንዝዤ ነው እኮ!" አለች ልጅቷ ራሷም እየሳቀች። ያን ቀን እኔም ድምፄን አውጥቼ ስቄያለሁ።

የተጠናቀቀው ድሪቶ ተራ በተራ ለአንዷ ይደርሳል፤ እንደ ዕቁብ ማለት ነው። ተራው የደረሳት ሴት ደግሞ መሐል ላይ የሚገባውን ጨርቅ ከራሷ ቤት ታመጣለች። እሱን እምብርት ይሉታል። ሌላው ሁሉ ከማንም ይምጣ፤ እምብርቱ ግን የባለቤቷ መሆን አለበት። የአከራዬ እምብርት የአባታቸው ጥምጥም ነበር፣ ነጭ ሻሽ። የነጋዴዋ የእናቷ የራስ ልብስ ነው። የፋብሪካዋ ልጅ ያመጣችው ከቤት ስትወጣ እናቷ ስንቅ የቋጠሩበትን ጨርቅ ነበር፤ የቋጠሮው ሽብሽብ ዛሬም ድሪቶዋ መሐል ላይ ይታያል፤ በካውያ እንዲተኮስ አልፈቀደችም።

የእኔ ተራ የደረሰው በበጋው ነው። ለማን እንደማደርገው አስቀድሜ አውቃለሁ። አክስቴ ጉልበቷን ይቆረጥማታል። እምብርቱ ምን መሆን እንዳለበትም አውቃለሁ። ያወቅሁት ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ያን ቀሚስ ካመጣሁ ይታያል፤ ይመረመራል፤ ይቆረጣል። በመጨረሻም የእናቴ አለመሆኑ ሊታወቅ ይችላል።

አንኮበር ሄጄ ጠየቅኋት።

"ድሪቶ?" አለች አክስቴ። "ምን ሆንን? ምን ጎደለብን?"

"ድህነት አይደለም፣ እትዬ። ደስ የሚል ነገር ነው። ብታዪው..."

"ልትቀጃት ነው?"

"ትንሽ ብቻ። ከእጅጌው።"

ሣጥኑን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው፤ እንደገና ከፈተችው። ቀሚሱን አውጥታ ጭኗ ላይ አድርጋ አንገትጌውን በመዳፏ ዳበሰችው።

"እንዲህ አረንጓዴ እንደሆነች" አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለቀሚሱ። ከዚያ ነጠላ ውስጥ ጠቅልላ ሰጠችኝ። "እናትነቷ ላንቺ ነው። ውሰጃት። በዓመት አንድ ቀን ፀሐይ ከምታይ ሰው ላይ ትዋል።"

በሚኒባሱ መንገዱን ሙሉ ጭኔ ላይ ይዤው ተጓዝኩ። ነጠላውን ገለጥ አድርጌ አየሁት። ግራጫ ነው። አክስቴ ታየዋለች፣ አረንጓዴ ትለዋለች፤ እኔ አየዋለሁ፣ ግራጫ ነው። ከሁለታችን አንዳችን ተሳስተናል፤ ላቦራቶሪ የምሠራው ደግሞ እኔ ነኝ።

ረቡዕ ከሥራ መልስ ቀሚሱን ታቅፌ፣ መቀሴን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ገባሁ። አከራዬ ነጭ ለብሰው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

"መቀስሽን መልሺ" አሉኝ። "ዛሬ ሃያ አንድ ናት። ማርያም ናት።"

ረስቼዋለሁ። በበዓል ቀን እዚያ ቤት መርፌም መቀስም አይነሳም።

"ታዲያ ለምን ተሰበሰብን?" አለች የፋብሪካዋ ልጅ።

"ለመተርተር። መስፋት ነው እንጂ መተርተር ሥራ አይደለም።"

"ማን አለ?" ነጋዴዋ ናት።

"እኔ ነኛ ያልኩ! የቄስ ልጅ ነኝ።"

"በምን ሊተረተር ነው? መርፌ አይነሳ፣ ምላጭ አይነሳ..."

አከራዬ ከሰፌድ መስፊያቸው መሐል ወስፌ መዘው አሳዩ። "ወስፌ መርፌ አይደለም።"

"አላህ ያሳይሽ! ወስፌ የመርፌ እናት አይደለች እንዴ? እናንተ እኮ በዓል ታበዙና መሸሻውንም አብራችሁ ታበዛላችሁ።"

"ዝም ብለሽ ያንን ሱሪ ተርትሪ" አሉ አከራዬ፤ ሳቃቸውን ለመደበቅ ፊታቸውን አዞሩ።

ነጠላውን ፈትቼ ቀሚሱን መሐል ላይ አኖርኩት። የማን እንደሆነ ሲጠይቁኝ "የእናቴ" አልኩ፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የዋሸሁ ያህል ፊቴ ጋለ። ከእጅጌው ትንሽ ብቻ እንደምፈልግ፣ ሌላው እንዳይነካ እንደምፈልግ ነገርኳቸው።

"ሳይተረተር የሚቆረጥ ልብስ እዚህ ቤት የለም" አሉ አከራዬ፣ ቀስ ብለው። "የሰፋችው ሴት ደክማበታለች። ክሩም ይፈለጋል። መጀመሪያ ሙሉውን ፈትተሽ ታዪዋለሽ፤ ከዚያ የት እንደምትቆርጪ ራሱ ይነግርሻል።"

ወስፌውን ሰጡኝ። ከየት እንደምጀምር አላወቅሁም። ገላዋ ያረፈበትን፣ ደረቱን፣ ብብቱን ለመንካት ፈራሁ። ስለዚህ ከታች፣ ከጠርዙ እጥፋት ጀመርኩ። በእጅ የተዘመዘመ ነው። ስፌቱ ደቃቅ፣ ክሩ ጠንካራ ነበር። አንዱን የስፌት ዓይን በወስፌ አንስቼ ስስበው ሦስት አራቱ አብሮ ይፈታል። አከራዬ ወደ እጄ ጎንበስ አሉ።

"ይሄ እጥፋት ሰፊ ነው" አሉ። "አየሽ? ስንዝር ሙሉ ገብቷል።"

"ለምን?"

"ገና ታድጋለች ብለው ነዋ። ስትረዝም ይለቀቅላታል ብለው ያስተረፉላት ነው። ልጅ ነበረች።"

እጄ ቆመ። እናቴን ሁልጊዜ የማስባት ትልቅ ሴት አድርጌ ነበር፤ ከእኔ የምትበልጥ፣ እንደ እናት። ይህን ቀሚስ የለበሰች ሴት ግን ገና ታድጋለች ተብላ ይጠበቅ ነበር። የእኔ እናት ከነበረች፣ ይህን ስትለብስ ከእኔ ታንሳለች ማለት ነው። ከነበረች። ቀጠልኩ።

ክሩ አለቀና እጥፋቱ ተለቀቀ። ውስጡ የተጠራቀመ አቧራ ቀጭን መስመር ሠርቶ ቁጭ ብሏል። በጣቴ አራገፍኩት። ከዚያ ጨርቁን ገለበጥኩት።

አረንጓዴ ነበር።

እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። ለስላሳ አረንጓዴ አይደለም፤ የደከመ አረንጓዴም አይደለም። ዝናብ ጠግቦ፣ ገና ሳያሸት፣ ነፋስ ሲነካው የሚያንጸባርቅ አረንጓዴ። በቀሚሱ ግርጌ ዙሪያውን እንደ መቀነት የዞረ፣ ዓመታት ሙሉ በጨለማ ተጣጥፎ የቆየ፣ ማንም ያላየው። ግራጫውና አረንጓዴው የተገናኙበት ቦታ እጥፋቱ ብቻ ነበር፤ በመሐላቸው ስፌት የለም። አንድ ጨርቅ ነው።

"እንደ ነሐሴ ገብስ" አልኩ። ድምፄ ጮክ ብሎ ስለወጣ ራሴው ደነገጥኩ።

አከራዬ አማተቡ። የፋብሪካዋ ልጅ እጇን ዘርግታ ሳትነካው መለሰችው። ነጋዴዋ "ማሻአላህ... ማሻአላህ" አለች በሹክሹክታ፤ ከዚያ ግን ብዙ አልቆየችም።

"የእኛ ጨርቅ ነው! ከአሊዩ አምባ ገበያ የተገዛ ነው፣ እምላለሁ! የአሊዩ አምባ ጨርቅ ቀለም አይለቅም አላልኳችሁም?"

"ይሄን ሁሉ ለቆ?" አሉ አከራዬ ግራጫውን እያሳዩ።

"እሱማ ፀሐይ ነው የበላው። ፀሐይን እኔ አልሸጥኩላት!"

አከራዬ ወደ እኔ ዞሩ። "የት ነበር የሚቀመጠው?"

ስለ ሣጥኑ፣ ስለ ጉሙ፣ ስለ ሻጋታው ነገርኳቸው። አክስቴ በየመስከረሙ ለዚህ ቀሚስ ብቻ ስለምትወጥረው ገመድ፣ ፊቱን ወደ ፀሐይ አድርጋ ስለምትሰቅለው። እየተናገርኩ ሳለ የምናገረው ነገር ራሱ ገባኝ። አከራዬ መዳፋቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ።

የእናቴ ነበር። አክስቴ አልተሳሳተችም፤ ዓይኗም አልደከመም። ቀሚሱ በእጇ ላይ፣ በፍቅሯ፣ ዓመት በዓመት ትንሽ ትንሽ እያለ ሲነጣ እሷ ግን የምታየው በመጀመሪያ ያየችውን ነበር። የሰው ዓይን እንዲህ ታማኝ መሆን እንደሚችል አላውቅም ነበር። ያን ቀን ከዚያ ወዲያ ምንም አልተረተርኩም፤ ቁጭ ብዬ ያን አረንጓዴ ብቻ አየሁ። ሻዬ ቀዘቀዘ። ማንም ጠጪ አላለኝም።

የት እንደምቆርጥ አከራዬ እንዳሉት ራሱ ነገረኝ። ከቀሚሱ ግርጌ አንድ ሰፊ ቁራጭ፣ ከላይ ግማሹ ግራጫ፣ ከታች ግማሹ አረንጓዴ። የቀረውን መልሼ በነጠላው ጠቀለልኩት። በሚቀጥለው ረቡዕ በመቀሱ ስቆርጥ ሦስቱም ሥራቸውን አቁመው እጄን ያዩ ነበር፤ ነጋዴዋ እንኳ አልቀለደችም። ዙሪያውን የገቡት የእነሱ ጨርቆች ናቸው። ከሥራ ልብስ የተረፈ፣ ከመጋረጃ፣ ከልጅ ፒጃማ፣ ከትራስ ልብስ። ሲያልቅ አንድ ጠዋት ግቢው ውስጥ ዘረጋነው። እንደ መጀመሪያው ቀን ነፋስ ገባበት፤ እኔም እንደ መጀመሪያው ቀን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አሁን ግን ከየት መጣ ብዬ አልነበረም። እያንዳንዱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ ማወቄ ግርምቴን ሊቀንሰው ይገባ ነበር፤ ጨመረው እንጂ አልቀነሰውም።

የቀረኝ አክስቴን መጋፈጥ ነበር። ቀለሙን ያጠፋው የእሷ ፀሐይ መሆኑን ልንገራት ወይስ ልተወው? ወደ አንኮበር በሚወስደው ሚኒባስ ውስጥ ብዙ መልስ አዘጋጀሁ፤ አንዱም ጥሩ አልነበረም።

አልጋዋ ላይ ዘረጋሁላት። ብዙ ጊዜ ቆማ አየችው። "ድሪቶ" የሚለውን ቃል አልደገመችውም። ቁጭ ብላ እጇን በቀጥታ መሐሉ ላይ፣ አረንጓዴው ላይ አኖረች።

"ይቺውትና" አለች። "አላልኩሽም?"

"ብለሽኝ ነበር።"

"አንቺ ነሽ እንጂ ግራጫ ግራጫ ስትዪ የነበርሽው።" ጣቷ ወደ ላይ ሄደ። "ይሄ አመዳሙስ የማን ነው? የማን ጨርቅ ነው ከእሷ ጋር ያጋጠምሽባት?"

"ስፌቱን ፈልጊው" አልኳት።

ከአረንጓዴው ወደ ግራጫው ጣቷን አሳለፈች። መለሰችው። እንደገና አሳለፈች፣ በጥፍሯ። ስፌት የለም። ጨርቁን ወደ ዓይኗ አቀረበች። ከዚያ ቀና ብላ በተከፈተው በር ወደ ውጭ፣ ወደ ኮሶው ዛፍ አየች። ገመድ ያኔ አልነበረም፤ ግንዱ ላይ ግን በየዓመቱ የሚታሰርበት ቦታ ተፍቆ ይታያል።

"ፀሐዩ ነው?" አለች።

"ፀሐዩ ነው።"

"እኔው ነኝ በላ።"

"ባታሰጪያት ኖሮ ሻግታ አልቃ ነበር፣ እትዬ። ይሄም አረንጓዴ አይገኝም ነበር።"

ግራጫውን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ግራጫ መሆኑን ያየችው ገና ያን ቀን ይመስለኛል። ከዚያ መዳፏን ዘርግታ ግማሹ ግራጫው ላይ፣ ግማሹ አረንጓዴው ላይ እንዲያርፍ አደረገች። እጇን አላነሳችም። እኔም ከጎኗ ቁጭ አልኩና እግሬን ከሥሩ ከተትኩ። ከገደሉ በኩል ጉም መውጣት ጀምሯል።

"ለመስከረም" አለች በመጨረሻ፣ ጉሙን እያየች፣ "ገበሩን ወደ ፀሐይ አድርገን ነው የምናሰጣት። ገመዱን አንቺ ትወጥሪያለሽ፤ እኔ እንደሆንኩ ጉልበቴ አይችልም።"